ብሎኑን ያሰረው ማን ነው?

አልፈታ ያለ ብሎን ሲገጥመን የምንለው ነገር አንድ ነው፤ «ዝጓል!» ዝገት ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ዝገት አይከራከርም። እኔ ግን መኪናዬን ግቢ ውስጥ በራሴ እጅ መነካካት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ነገር ቶሎ አልለውም። አዲስ አበባ ባሕር አጠገብ አይደለችም። አስፋልቷ ላይ ጨው የሚበትን የለም። እዚህ ከተማ ብሎን ሲያስቸግር መጀመሪያ የምጠረጥረው ከእኔ በፊት ቁልፍ የያዘውን ሰው ነው።

መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ዲኤክስን ማስተዋወቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እዚህ አገር ያደገ ሰው ወይ ነድቷታል፣ ወይ ተሳፍሮባታል፣ ወይ ገፍቷታል። ሞተሯ 4 ኬ የሚባለው ነው፤ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል፤ እጅ የማይገባበት ቦታ ጥቂት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ችግሩ ዕድሜዋ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ጋራዥ እንደገባች ሊብሬው አይናገርም። ብሎኖቿ ግን ይናገራሉ።

ሊሠራ የታሰበው ሥራ ትንሽ ነበር፤ ቴርሞስታት መግጠም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ ይዘጋል። ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መሃል ሲደርስ ራሱ ይከፈታል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። እኛ ጋ ግን ሞተር አንዴ ከፈላ ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን አውጥቶ መጣል ነው። «ለአገራችን አየር አያስፈልግም» ይላሉ። አየሩ ምን አገባው? ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደምትበርድ ማን ይነገረዋል! ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሳይሞቅ ሥራ ቦታ ትደርሳላችሁ፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል። የእኔዋ የሙቀት መርፌ ከታች ተነስታ አታውቅም ነበር። ቤንዚን በዚህ ዋጋ እየተቀዳ ይህን መታገሥ አቃተኝ።

ቴርሞስታቱ የሚቀመጠው በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በቴስታታው፣ የፊት ጫፍ ላይ ነው። የላይኛው የራዲያተር ጎማ የሚገባበት ትንሽ የአሉሚኒየም ክዳን አለ፤ ሥሩ ነው ቦታው። ክዳኑ በሁለት ብሎን ታስሯል። ውፍረታቸው 8 ሚሊ ነው። የጃፓን መኪና ላይ እንዲህ ዓይነት ብሎን በ12 ቁጥር ይፈታል። የጀርመን ቢሆን 13 ነበር። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ታሪኩ የወጣው ከእሷ ነው።

አንደኛው ብሎን ትንሽ አንገራግሮ ወጣ። ጥርሱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። ይኼኛው እውነትም የዝገት ዘመድ ነው። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ውሃ ከገባባቸው አሉሚኒየሙ መበላት ይጀምራል፤ ነጩ ዱቄት የዚያ ትርፍ ነው። ውሃው ከየት መጣ ብትሉ፣ ለዓመታት ራዲያተሩ ውስጥ ሲጨመር ከኖረው የቧንቧ ውሃ። ኩላንት፣ ማለትም ለራዲያተር የተሠራው ፈሳሽ፣ ዝገት የሚከላከል ነገር አለው፤ የቧንቧ ውሃ የለውም። እንግዲህ እዚህም ጋ ብትሄዱ ዞሮ ዞሮ ሰው ታገኛላችሁ፤ ጆግ ይዞ የቆመ ሰው።

ሁለተኛው ብሎን ላይ 12 ቁጥሩ ቡሶላ፣ የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቁልፍ፣ አልገባም። 13 ሞከርኩ። ገባ፤ ግን ይወዛወዛል።

ብዙ ብሎን የሚሞተው እዚህች ላይ ነው። ገባ አይደል? ብሎ መጫን። ከስድስቱ ጥግ አንዱ ከሄደ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ድቡልቡል ራስ ነው። ቀጥሎ ፒንሳ ይመጣል፣ ቀጥሎ ስካርፔሎና መዶሻ፣ ቀጥሎ ብየዳ። ከእያንዳንዱ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የእኔ ዕድል ጉልበት የሌለኝ መሆኑ ነው። ክንዴ ቀጭን ነው፤ ስጫነው ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሳይወድ በግዱ መጀመሪያ አያለሁ።

የሽቦ ብሩሽ አምጥቼ የብሎኑን ራስ አጸዳሁት። ሦስት ሰረዞች ወጡ፤ ከመሃል ወደ ዳር የተሳሉ። ቁጥር የለውም። ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ራሱ ላይ ብዙውን ጊዜ ቁጥር አለው፤ 8.8 ወይም 10.9 የሚል። ቁጥሩ የጥንካሬው መለኪያ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰረዝ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ የኢንች ብሎን ነው። ሦስት ሰረዝ መካከለኛ ጥንካሬ፣ ስድስት ሰረዝ ከዚያ የጠነከረ። የቶዮታ ቴስታታ ላይ የኢንች ብሎን ምን ይሠራል?

ሒሳቡን ላሳያችሁ። 5/16 ኢንች የሚባለው ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ነው። በዓይን ከ8 ሚሊው አትለዩትም። ራሱ ግማሽ ኢንች ነው፤ ይህም 12.7 ሚሊ ማለት ነው። 12 ቁጥር የማይገባው፣ 13 ደግሞ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። ዋናው ጉድ ግን ጥርሱ ላይ ነው። 8 ሚሊው ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ነው፤ የኢንቹ 1.41 ገደማ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዙር በጣት ይገባል። ከዚያ ይነክሳል። በዚህ ጊዜ ማቆም ነበር። ያኛው ሰው ግን ቁልፍ አነሳ፣ ጫነ፣ አሁንም ጫነ። ብሎኑ ብረት፣ ቀዳዳው አሉሚኒየም። ማን እንደሚሸነፍ ግልጽ ነው።

ሰውዬውን አላውቀውም፤ ግን ሁኔታውን በዓይነ ሕሊናዬ ማየት አይከብደኝም። ቀኑ መሽቷል። ባለ መኪናው «አላለቀም?» እያለ ይወዘውዘዋል። ዋናው ብሎን ሞተሩ ሥር ወድቆ ጠፍቷል፣ ወይም ተበጥሷል። ጥግ ላይ ደግሞ የተቀላቀለ ብሎን የሞላበት ጣሳ አለ፤ የሌለበት ጋራዥ አይቼ አላውቅም። እጁን ሰደደ፣ የሚመሳሰለውን አወጣ፣ ገባለት። አልፈርድበትም ልል ነበር። እፈርድበታለሁ።

በነጋታው መርካቶ ወረድኩ። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ፣ እንደ ወትሮው። «ለማን ነው እህቴ?» አለኝ ሻጩ። ለኔ ነው አልኩት። «አይ፣ መካኒክሽ ማነው ማለቴ ነው።» ግማሽ ኢንች ቡሶላ፣ ባለ ስድስት ጥግ፣ ነጠላ ፈልጌ ነው ስለው ከነሣጥኑ ካልሆነ አልሸጥም አለ። ነጠላውን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። አሮጌ መሣሪያ ከተደረደረበት መሬት ላይ፣ ከዝገቱ ጋር። እዚያ የሌለ ነገር የለም፤ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። ባለ ስድስት ጥግ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ባለ 12 ጥግ ቡሶላ ለመግጠም ይመቻል፤ ግን የሚይዘው የብሎኑን ጥግ ብቻ ነው። ባለ ስድስቱ ጎኑን ጭምር ይዞ ይገፋል። አልፈታ ላለ ብሎን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ስመለስ ጎረቤታችን ጋሼ ኮፈኑ ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ አንድ ሰው ኮፈን ሲከፍት ግን ከቤታቸው ሆነው ይሸታቸዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ቀብተሽዋል?»

«ደብሊው ዲ 40 ነው ጋሼ።»

«እሱ ሽቶ ነው። ናፍጣ አድርጊበት።»

ጋሼን በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ አልከተላቸውም፤ ግን ግማሽ እውነት አላቸው። ደብሊው ዲ 40 በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ ሲሠራ የታሰበው ለሌላ ነገር ነበር። የሮኬት አካል እንዳይዝግ እርጥበት እንዲያባርር ነው። ስሙም ውሃ ማባረሪያ፣ 40ኛው ቅመማ እንደማለት ነው። ለቀላል ብሎን ይሠራል። ለከባዱ ግን ለዚሁ የተሠራ ሰርጎ ገብ ዘይት ይሻላል። እሱ ካልተገኘ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለኩል ቀላቅለው የሚጠቀሙ አሉ፤ እየናጡ ነው እንጂ ዝም ካሉት ይለያያል። አሴቶን ካነሳን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዬን ለዚህ ሥራ አውጥቼ አውቃለሁ። አብዛኛው ውሃና ሽቶ የተቀላቀለበት ስለሆነ ንጹሑን ፈልጉ። እሳት ወዳድ ነውና ሲጋራ የያዘ ሰው አታስጠጉ። ከሁሉም በላይ ግን ዘይቱ ጊዜ ይፈልጋል። ማታ ቀብቶ መተኛት ነው፤ ከመተኛት በፊት ደግሞ አንድ ሁለቴ በመዶሻ የብሎኑን ራስ መታ መታ ማድረግ። ዘይት የሚገባው ስንጥቅ ሲያገኝ ነው።

መምታቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የብሎኑን ራስ ሥር ያነቃንቃል። ብሎን ስታስሩ ጉልበታችሁ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው መፋተግ ይበላል። 40 በመቶ ገደማ ጥርሱ ላይ ያልቃል። ክዳኑን የሚይዘው የቀረችው 10 በመቶ አካባቢ ናት። ስትፈቱም የምትታገሉት ከዚያው መፋተግ ጋር ነው። ስለዚህ ዘይቱን ጥርሱ ይድረሰው ብላችሁ ብቻ አትጨነቁ፤ የራሱ ሥርም ይርጠብ።

ጋሼ ቀጥለው ቱቦ አመጡ። አንድ ሜትር የሚሆን የብረት የውሃ ቱቦ፣ ቡሶላውን በሚያዞረው ክሪኬት እጀታ ላይ የሚሰካ። ጉልበት የሌለው ሰው የመጀመሪያ ፍቅሩ ቱቦ ነው። እኔ ግን አልተቀበልኳቸውም። 8 ሚሊ ብሎን የሚታሰረው ወደ 20 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ማለት 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል መጫን ነው፤ የልጅ ጉልበት። ከዚያ እጥፍ አካባቢ ሲደርስ ብሎኑ ራሱ መበጠስ ይጀምራል። አንድ ሜትር ቱቦ ላይ 60 ኪሎ ሰው ቢንጠለጠል 600 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ቱቦ ለጎማ ዳዶ ነው፣ ለትልቅ ብሎን ነው። በትንሽ ብሎን ላይ ሲውል የሚፈታ ነገር የለም፤ የሚበጠስ እንጂ።

«ታዲያ በምን ልትፈቺው ነው? በጸሎት?»

በሻይ ውሃ ነው ጋሼ፣ አልኳቸው።

ቀልድ አይደለም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ብረት ብሎን የያዘ የአሉሚኒየም ቀዳዳ ሲሞቅ ለብሎኑ ትንሽ ቦታ ይለቅለታል። መካኒኮች ለዚህ የጋዝ እሳት ይጠቀማሉ። በ4 ኬ ላይ ግን ካርቡሬተሩና የጭስ ማስወጫው በአንድ ወገን የተደራረቡ ናቸው፤ ቤንዚን ባለበት እሳት ይዤ መቅረብ አልፈለግሁም። ሞተሩን አስነስቶ ማሞቅም ይቻል ነበር፤ ግን በግፊት ላይ ያለ የፈላ ውሃ የያዘ ክዳን መነካካት ፊትን ማቃጠል ነው። ስለዚህ ውሃውን ከራዲያተሩ አፈሰስኩ፣ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሱም ይበቃል። ብሎኑን አልፌ ዙሪያውን አሉሚኒየሙ ላይ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩበት። የሚገኘው ክፍተት በስሌት ከሚሊ ሜትር መቶኛው ግማሽ ያህል ነው። ምንም ይመስላል። የተጣበቀ ነገር ለመላቀቅ ግን ብዙ አይፈልግም።

ከዚያ ግማሽ ኢንቹን ቡሶላ ገጠምኩ። ምንም አይወዛወዝም። መጀመሪያ ወደ ማጥበቅ ነካ አደረግሁት፤ ወደ መፍታት አይደለም። ይህ ጋሼም የሚስማሙበት ነው። ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ጥቂት ሲንቀሳቀስ የተጋገረው ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ወደ መፍታት፣ በአጭሩ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። እዚህ ጋ እጅ የሚሰማው ነገር አለ። ብሎን ሊፈታ ሲል «ጧ» ይላል፤ ደረቅ ድምፅ ነው። ሊበጠስ ሲል ግን ድምፅ የለውም። እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል። እጀታው ይሄዳል፣ ራሱ ይዞራል፣ ሥሩ ግን አልተነቃነቀም፤ እየተጠማዘዘ ነው። ያ ልስላሴ ሲሰማችሁ እጃችሁን አንሱ። ተመለሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ አሙቁ፣ ነገ ይሁን።

የእኔው «ጧ» አለ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ቱቦአቸውን ግን አነሱ።

ከዚያም በኋላ ቸኩዬ አልፈታሁትም። ግማሽ ዙር ወደ ውጭ፣ ሩብ ዙር ወደ ውስጥ፣ ዘይት፣ እንደገና። ሲወጣ ጥርሱ መሃል የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ተሸክሞ ነው። የቴስታታዬ ሥጋ። ብሎኑን መጀመሪያ ከወጣው ብሎን አጠገብ ሳስተያየው ደግሞ አጠር ይላል። ይህ የቀናኝ ነገር ነበር። አጭር ስለሆነ የቀዳዳውን ጥልቅ ክፍል አልነካውም፤ እታች ያለው ጥርስ ደህና ነው።

ሠፈራችን ያለው የቶርኖ ቤት ባለቤት ሁለት ምርጫ ነገረኝ። አንደኛው ቀዳዳውን አስፍቶ 10 ሚሊ ብሎን ማስገባት። ሁለተኛው ሄሊኮይል፤ ማለትም የተበላውን ጥርስ ጠርጎ የሽቦ ጥምጥም አዲስ ጥርስ መትከል። ሁለተኛው ጥሩ ሥራ ነው፤ በአሉሚኒየም ላይ ከመጀመሪያውም ይጠነክራል ይባላል። እኔ ግን ሦስተኛውን መረጥኩ። 8 ሚሊ በ1.25 ጥርስ ማውጫውን ተውሼ ቀዳዳውን በእጅ አጸዳሁ፣ በክብሪት እንጨት ጥልቀቱን ለካሁ፣ ከዋናው ጥቂት የረዘመ ብሎን ገዛሁ፤ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት። እታች ያለውን ደህና ጥርስ እንዲይዝ ነው። ብሎኑ የቀዳዳውን ወለል እንዳይነካ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከነካ ጠበቀ ይመስላል እንጂ ክዳኑን አይዝም።

ይህን ሁሉ ለሚኒሶታው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ሳሳየው ሳቀብኝ። እሱ ጋ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዉ መኪናው ሆድ ሥር ይገባል፤ ብሎንና ዳዶ አንድ ብረት ይሆናሉ። እሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አዲስ ብሎን አዝዞ ነው የሚጠብቀው። አሮጌው በሰላም ይወጣል ብሎ አያስብም። «እናንተ ዝገት የላችሁም፣ ታድላችኋል» አለኝ። እውነቱን ነው። የእሱ ጠላት አየር ነው፤ ማንንም አይወቅስም። እኔ ግን ቁልፍ በያዝኩ ቁጥር የማላውቀው ሰው ጋር ነው የምጨቃጨቀው።

ከጋሼ ጋርም የምንጣላው በዚህ ነው። እሳቸው «ያልጠበቀ ያንጠባጥባል» ባይ ናቸው። ለከባድ መኪና ጎማ እውነት ሊሆን ይችላል። ለአሉሚኒየም ክዳን ግን ከልክ በላይ ማጥበቅ ክዳኑን ያጣምማል፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ይጨፈልቃል፣ ማንጠባጠቡም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰው ግን ያንጠባጠበውን ሲያይ ላላ ብሎ ያስባል፤ ይጨምርበታል። እኛ ጋ መጥበቅ የጥሩ ሥራ ምልክት ሆኗል። መካኒኩ የመጨረሻዋን «እህ!» ብሎ ሲጭናት ባለ መኪናው ይረካል። እኔ ለዚያች «እህ!» ነው በኋላ የምከፍለው።

አዲሱን ጓርኒሲዮን አስቀምጬ፣ ቴርሞስታቱን ምንጩን ወደ ሞተሩ አድርጌ፣ ሁለቱንም ብሎኖች ጥርሳቸው ላይ የመዳብ ግራሶ ትንሽ ቀብቼ በጣት አስገባኋቸው። በጣት እስከ መጨረሻው ካልሄደ ልክ አይደለም፤ ቁልፍ የሚነሳው ለመጨረሻዋ ሩብ ዙር ነው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ተውሼ ከ20 ኒውተን ሜትር ዝቅ አድርጌ አሰርኩ። ዝቅ ያደረግሁት ግራሶው መፋተጉን ስለሚቀንስ ነው፤ ያው ጉልበት ብሎኑን አብልጦ ይስበዋል። ኩላንቱን በተጣራ ውሃ በጥብጬ ሞላሁ።

መርፌዋ አሁን ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብላ ትቆማለች። ቤንዚኑም ቀንሷል። የቀሩት የጭስ ማስወጫው ዳዶዎች ናቸው። ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ የኖሩ፣ ጥቁር የሆኑ፣ አንዱ ደግሞ በብየዳ ጠብታ የተያዘ። ጋሼ አሙቆ ጧፍ ማስነካት ነው ይላሉ፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መሃል ይሰርጋል። ይሠራል፣ አይቻለሁ። ግን የጭስ ማስወጫው ጓርኒሲዮን ገና ብዙም አያፏጭም። ቢያፏጭም ጠዋት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። እነሱን ካርቡሬተሩ ለሌላ ሥራ በሚወርድበት ጊዜ እነካቸዋለሁ።